4294967297 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም?

ጠያቂ፦ መምህር ከሳቢያን (ድሬዳዋ)

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ በድሬዳዋ ከተማ የሳቢያን ነዋሪ ስሆን፣ በግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሰሌዳ አቁሜ የሰፈሩን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ቅዳሜና እሑድ ሒሳብ አስጠናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ርቢ ስናጠና ልጆቹ ከ1 ተነሥተው ያገኙትን ቁጥር ሁሉ እጥፍ እያደረጉ እንዲሄዱ አዘዝኋቸው፤ ሰሌዳው እስኪሞላ ድረስ 32 ጊዜ አጥፈው 4294967296 ላይ ደረሱ።

ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ግን እጥፎቹን ከመቁጠር አልፋ ሌላ ነገር አስተዋለች። 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 8ኛውንና 16ኛውን እጥፍ ለብቻ አውጥታ በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ስትደምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 አገኘች። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ቁጥር የለም። ቀጥላም «ቲቸር፣ እንግዲያው 32ኛው እጥፍ ላይ 1 ሲደመር የሚገኘውም ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያ ቀን መልስ አልሰጠኋትም። ቤት ገብቼ በመጀመሪያ የሞከርሁት ከዚያ ቁጥር በ2 የሚያንሰውን፣ 4294967295ን ነበር፤ እርሱም 3 × 5 × 17 × 257 × 65537 ሆኖ ሲገኝ፣ ልጅቷ ያወጣቻቸው አምስት ቁጥሮች አንድም ሳይጎድል በአንድ ብዜት ውስጥ ተሰብስበው በማየቴ እጅግ ተደነቅሁ። ከዚህ የተነሣ 4294967297 ከአምስቱ ለየትኛውም ቢካፈል 2 ይቀራል እንጂ ያለ ቀሪ እንደማይካፈል ግልጽ ሆነልኝ። ከዚያ በኋላ፣ የከተማው ሱቆች በሙቀቱ ምክንያት በሚዘጉበት የቀትር ሰዓት ተቀምጬ፣ በ7፣ በ11፣ በ13 እያልሁ እስከ 199 ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አካፍዬ ሞከርሁ፤ አንዱም አላካፈለውም።

የቁጥሩ ዳግም ዘር ከ65536 እምብዛም ስለማይበልጥ፣ በዚህ መንገድ ልቀጥል ብል ከ65536 በታች ያሉትን 6542 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይኖርብኛል፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢወስድ እንኳ ከ320 ሰዓት በላይ ነው። ስልኬ መልሱን ወዲያው ሊነግረኝ እንደሚችል አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ግን ልጆቹ በጠመኔ፣ በገዛ እጃቸው ሊከተሉት የሚችሉትን መንገድ ነው። ቁጥሩ ብቸኛ ነውን? ካልሆነስ፣ ይህን ለማሳየት ከ6542 ማካፈል ያጠረ መንገድ አለን?

መልስ 1፦ ከጀጎል (ሐረር)

የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ ያነሣችው ጥያቄ ከእርሷ በፊት ታላላቅ ሰዎችን ያሳሰበ ነው። ፒዬር ደ ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ የሕግ ሰውና የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ እነዚሁን ቁጥሮች ደርድሮ፣ ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች እንደሆኑ የሚያምን መሆኑን ገልጧል፤ ስለዚህም ዛሬ የፌርማ ቁጥሮች ተብለው ይጠራሉ። ከ92 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1732፣ በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር 4294967297 ብቸኛ ቁጥር አለመሆኑን አሳየ፦

4294967297 = 641 × 6700417

እርስዎ 199 ላይ ባያቆሙ ኖሮ 641 ላይ መድረስዎ አይቀርም ነበር፤ የቀረዎት መንገድ ከተጓዙት ብዙም አይረዝምም። ነገር ግን ልጆቹ ይህን ትልቅ ማካፈል ሳያካፍሉ፣ ያው የለመዱትን እጥፍ ማድረግ ብቻ በመጠቀም ውጤቱን ሊያረጋግጡ ይችላሉ። መንገዱ ይህ ነው፦ ከ1 ተነሥቶ እጥፍ ማድረግ፣ የተገኘው ቁጥር ከ641 በበለጠ ቁጥር ግን ወዲያው 641 መቀነስ። 641 መቀነስ ቁጥሩ ለ641 ሲካፈል የሚተርፈውን ቀሪ አይለውጠውም፤ በመሆኑም መጨረሻ ላይ በእጃችን የሚቀረው ትንሽ ቁጥር፣ ትልቁ ቁጥር ለ641 ቢካፈል የሚተርፈው ቀሪ ራሱ ነው።

እስከ 9ኛው እጥፍ (512) ድረስ የሚቀነስ የለም። 10ኛው እጥፍ 1024 ነው፤ 641 ሲቀነስለት 383 ይሆናል። 383 ሲታጠፍ 766፣ ሲቀነስለት 125። የቀሩትን በተርታ ልጻፋቸው፦ 12ኛው 250፣ 13ኛው 500፣ 14ኛው 359፣ 15ኛው 77፣ 16ኛው 154፣ 17ኛው 308፣ 18ኛው 616፣ 19ኛው 591፣ 20ኛው 541፣ 21ኛው 441፣ 22ኛው 241፣ 23ኛው 482፣ 24ኛው 323። 25ኛው ላይ 323 ሲታጠፍ 646 ይሆንና 641 ሲቀነስለት 5 ብቻ ይቀራል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለው ልጆቹ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድመው እንዲገምቱ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ መቀነስ አያስፈልግም፦ 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ በ32ኛውም እጥፍ 640።

እንግዲህ 4294967296 ለ641 ሲካፈል 640 ይቀራል፤ አንድ ሲጨመርበት 641 ሞላ። ስለዚህ 4294967297 ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

ጠያቂው፦ መምህር ከሳቢያን (ድሬዳዋ)

ከልብ አመሰግናለሁ። በዛሬው የእሑድ ጥናት ልጆቹን በሁለት ቡድን ከፍዬ አሠራኋቸው። አንደኛው ቡድን በትክክል 640 ላይ ደረሰ። ሁለተኛው ግን መጨረሻው 515 ሆነበት፤ ወደ ኋላ ተመልሰን ስንፈትሽ 15ኛው እጥፍ ላይ ከ718 641 ሲቀንሱ 77 በማለት ፈንታ 87 ጽፈው ኖሯል። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሁሉ ትክክል ነበር፤ የአንዲት አኃዝ ስሕተት ግን እስከ መጨረሻው አብራቸው ተጓዘች። ስሕተቱን ራሳቸው ፈልገው በማግኘታቸው የተደሰቱት መደሰት መልሱን ካገኙት ከአንደኛው ቡድን ልጆች ደስታ አያንስም ነበር።

ያቺ ልጅ ደግሞ 16ኛው እጥፍ ላይ ቀሪው 154 ከሆነ፣ 32ኛው እጥፍ የ16ኛው ዳግም ርቢ ስለሆነ፣ የቀሩትን 16 እጥፎች መሥራት አያስፈልግም አለች። 154 በ154 ሲባዛ 23716 ነው፤ 1 ሲደመር 23717፣ ይህም 37 × 641 ነው። አረጋገጥሁት፤ ትክክል ነው።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ገና አልተመለሱልኝም። 641 ከሰጡን በኋላ ማረጋገጡ ቀላል ሆነ፤ ነገር ግን ኦይለር 641ን ከየት አመጣው? በተራ ሲያካፍል ነው የደረሰበት? ሁለተኛም፣ 6700417 ራሱ ከዚህ በላይ አይበተንም ለማለት የምንችለው በምን መሠረት ነው?

መልስ 2፦ ከከዚራ (ድሬዳዋ)

ለሁለቱም ጥያቄዎች መልሱ አንድ ነው፤ በእኔ አመለካከት የነገሩ ሁሉ ማዕከልም ይኸው ነው። ኦይለር በተራ አላካፈለም። የትኞቹን ቁጥሮች ብቻ መሞከር እንዳለበት አስቀድሞ አወቀ።

አንድ ብቸኛ ቁጥር 4294967297ን ያለ ቀሪ ያካፍላል እንበል፤ ስሙን «ሀ» እንበለው። ልጆቹ በ641 እንዳደረጉት፣ ከ1 ተነሥተን እያጠፍን ከ«ሀ» ሲበልጥ ብንቀንስ፣ 32ኛው እጥፍ ላይ የምናገኘው ቀሪ ከ«ሀ» በ1 ያነሰ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ 1 ስንደምር «ሀ» አይሞላም። ከ«ሀ» በ1 ያነሰ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ደግሞ ቀሪው ምንጊዜም 1 ነው፤ ስለዚህ 64ኛው እጥፍ ላይ ቀሪው ተመልሶ ወደተነሣንበት ወደ 1 ይመጣል። ከ64 በፊትስ ወደ 1 ሊመለስ ይችላል? አይችልም። ቢመለስ የዙሩ ርዝመት 64ን የሚያካፍል ቁጥር፣ ማለትም 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ወይም 32 መሆን ነበረበት፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ 32ኛው እጥፍ ላይ ቀሪው 1 ይሆን ነበር እንጂ ከ«ሀ» በ1 ያነሰ አይሆንም ነበር። እንግዲህ ዙሩ በትክክል 64 እርምጃ ነው።

አሁን ፌርማ ራሱ በዚያው በ1640 የገለጸውን ሌላ ሕግ እንጨምር፦ ከ2 በቀር «ሀ» ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ቢሆን፣ ከ«ሀ» በ1 ያነሰ ጊዜ እጥፍ ስናደርግ ቀሪው ሁልጊዜ ወደ 1 ይመለሳል። ወደ 1 የምንመለሰው ግን በየ64 እርምጃው ብቻ ነው። ስለዚህ ከ«ሀ» ላይ 1 ሲቀነስ የሚተርፈው የ64 ብዜት መሆን ግድ ነው።

ይህ ማለት መሞከር ያለብን 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641 እያልን በ64 እየዘለልን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። ከ6542 ማካፈል ወደ አምስት ወረድን! እርስዎ ባለፈው እንዳሳዩት 257 የአምስቱ ወገን ስለሆነ ምንጊዜም 2 ያስቀራል፤ እርሱም ይወጣል። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1878 ይህን ሕግ ይበልጥ አጥብቆ፣ አካፋዩ ላይ 1 ሲቀነስ የ64 ብቻ ሳይሆን የ128 ብዜት መሆን እንዳለበት አሳይቷል። በእርሱ ሕግ 193፣ 449 እና 577 ይወድቃሉና የመጀመሪያው ሙከራ ራሱ 641 ይሆናል።

በግሌ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ነገር ፌርማ ይህን እምነቱን የሚያፈርሰውን መሣሪያ በገዛ እጁ ሠርቶ መያዙ ነው። የራሱን ሕግ በራሱ ቁጥር ላይ ቢያውለው አምስት ማካፈል ብቻ ይበቃው ነበር።

ወደ 6700417 ስንመለስ፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ሁሉ 4294967297ንም ስለሚያካፍል ያው ሕግ ይይዘዋል። የ6700417 ዳግም ዘር ከ2589 በታች ነው። እስከዚያ ድረስ ከ128 ብዜት በ1 የሚበልጡትን ቁጥሮች ብንደረድር፣ 257ን ስንተው ብቸኛ የሆኑት አራት ብቻ ናቸው፤ አካፍለን ቀሪዎቹን እንይ። ለ641 ሲካፈል 44 ይቀራል፤ ለ769 ሲካፈል 120፤ ለ1153 ሲካፈል 334፤ ለ1409 ሲካፈል 622። አንዱም ዜሮ ስላልሆነ 6700417 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 4294967297ም ከ641 እና ከ6700417 ሌላ ብቸኛ አካፋይ የለውም። አራቱን ማካፈል ለአራት ልጆች ቢያከፋፍሏቸው በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል።

መልስ 3፦ ከሸዋ በር (ሐረር)

ጤና ይስጥልኝ፣ መምህር። ወንድሞቼ ስለ ማካፈሉ አሟልተው ስለጻፉ እኔ ስለ ማባዛቱ ልጨምር፤ ምክንያቱም ልጆቹ 641 በ6700417 ሲባዛ በእርግጥ ያንን ቁጥር እንደሚሰጥ ማየት አለባቸው፤ ለዚህም እጥፍ ማድረግ ብቻ ይበቃቸዋል።

አያቴ በጀጎል ውስጥ ቡና ሲነግድ ኖሯል። የማባዣ ሰንጠረዥ በቃሉ አያውቅም ነበር፤ አንዱን ቁጥር እየገመሰ፣ ሌላውን እያጠፈ፣ የቡና ፍሬ በምንጣፍ ላይ እየደረደረ ያባዛ ነበር። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥም ይህ መንገድ የኢትዮጵያውያን ማባዣ እየተባለ ሲጠራ አይቻለሁ። 641 ሲገመስ፣ ጎዶሎውን እየጣልን፣ 320፣ 160፣ 80፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5፣ 2፣ 1 ይሆናል። ከእነዚህ ኢ-ተጋማሽ የሆኑት 641፣ 5 እና 1 ብቻ ናቸው። በሌላው በኩል 6700417 ሲታጠፍ፣ ከ641 ትይዩ የሚውለው ራሱ 6700417፣ ከ5 ትይዩ 857653376፣ ከ1 ትይዩ 3430613504 ነው። ሌላውን መስመር ሰርዘን ሦስቱን ብቻ ስንደምር 4294967297 እናገኛለን። ዐሥር መስመር ተጽፎ ሦስት ብቻ የሚደመርበት ምክንያት 641 የ512፣ የ128 እና የ1 ድምር በመሆኑ ነው።

ከዚህ ቁጥር ጠባዮች ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ግን ሌላ ነው። 4294967296 የ65536 ዳግም ርቢ ስለሆነ፣ ቁጥራችን የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ነው፦ 65536 በራሱ ተባዝቶ፣ 1 በራሱ ተባዝቶ ሲደመሩ። አንድ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ሆኖ መጻፍ ቢችል እንኳ በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ መንገድ ከተገኘለት ብቸኛ አይደለም። ለ4294967297 ደግሞ ሁለተኛ መንገድ አለው፦

62264² + 20449² = 3876805696 + 418161601 = 4294967297

ይህ ከየት እንደመጣ ለማየት ሁለቱን አካፋዮች ለየብቻ እንመልከት። 641 የ25 እና የ4 ዳግም ርቢዎች ድምር ነው (625 + 16)። 6700417 ደግሞ የ2556 እና የ409 ዳግም ርቢዎች ድምር ነው (6533136 + 167281)። እንዲህ ያሉ ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ ውጤቱ በሁለት መንገድ የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ይሆናል፤ ይህ ሕግ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው ሕንዳዊ የሒሳብ ሊቅ በብራህማጉፕታ ሥራ ውስጥ ይገኛል። አራት ብዜቶች ያስፈልጉናል፦

25 × 2556 = 63900
4 × 409 = 1636
25 × 409 = 10225
4 × 2556 = 10224

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲቀናነሱ 62264፣ የኋለኞቹ ሁለት ሲደመሩ 20449 ይሰጣሉ፤ ይህ አንዱ መንገድ ነው። ተራውን ገልብጠን የመጀመሪያዎቹን ብንደምር 65536፣ የኋለኞቹን ብንቀንስ 1 እናገኛለን፤ ይህም የተነሣንበት መንገድ ነው። 10225ን እና 10224ን እባክዎ ለልጆቹ ጎን ለጎን ጽፈው ያሳዩልኝ። ፌርማን ያሳሳተው ያ ቁጥር፣ በሰሌዳው ላይ በ1 ብቻ የሚለያዩ ሁለት ብዜቶች ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። ይህን መጀመሪያ በእጄ ባሰላሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠያቂው፦ መምህር ከሳቢያን (ድሬዳዋ)

እህቴ፣ 10225 እና 10224 እስካሁን ከሰሌዳው ላይ አልተደመሰሱም። ልጆቹ አሁን የሚጠይቁኝ ስለ 64ኛው እጥፍ ነው፤ እርሱስ 1 ሲደመርበት ብቸኛ ይሆናልን? ከዚያ ወዲያስ አንድ እንኳ ብቸኛ ቁጥር ተገኝቷልን?

መልስ 4፦ ከጀጎል (ሐረር)

64ኛው እጥፍ ላይ 1 ሲደመር 18446744073709551617 ነው። እርሱም ብቸኛ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ፎርቹኔ ላንድሪ እ.ኤ.አ. በ1880 የ274177 እና የ67280421310721 ብዜት መሆኑን አሳይቷል። በመልስ 2 የተገለጸው የሉካስ ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ለ64ኛው እጥፍ ግን የሚፈለገው የ128 ሳይሆን የ256 ብዜት ነው፤ 274177 ላይ 1 ሲቀነስ 1071 × 256 ይሆናል።

ተማሪዎ ካገኘቻቸው ከአምስቱ በኋላ አንድም የፌርማ ቁጥር ብቸኛ ሆኖ አልተገኘም። ከእነርሱ ቀጥሎ ያሉት 28 ቁጥሮች፣ 4294967297ን ጨምሮ፣ ብቸኛ አለመሆናቸው ተረጋግጧል። ከእነዚያ ቀጥሎ ያለው ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አኃዞች ያሉት ሲሆን ስለ እርሱ እስካሁን የወሰነ የለም። ከእርሱ በላይ ማለቂያ የሌላቸው ሌሎች አሉና፣ ስድስተኛ ብቸኛ ቁጥር አለ ወይም የለም ብሎ ያረጋገጠ ሰውም የለም። ለልጆቹ ይህን እንደ ሐቅ ይንገሩልኝ፤ ከሰሌዳቸው የተነሣ ጥያቄ ዛሬም ክፍት ነው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ግን 274177ን በእጃቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። እንደ 641 ሁሉ እያጠፉ፣ ሲበልጥ እየቀነሱ ይሂዱ፤ እስከ 18ኛው እጥፍ (262144) ድረስ መቀነስ የለም፤ 19ኛው ላይ 250111 ይመጣል። ባለፈው በሁለተኛው ቡድን የደረሰው እንዳይደገም፣ 25ኛው ላይ 104838፣ 32ኛው ላይ ደግሞ 258768 መሆኑን ያረጋግጡ። 32ኛው ላይ ከደረሱ በኋላ ተማሪዎ በ154 ያደረገችውን መድገም ይቻላል፦ 258768 ከ274177 በ15409 ያንሳል፤ ስለዚህ ሁለቱ በየራሳቸው ሲባዙ ለ274177 ሲካፈሉ የሚተርፈው ቀሪ አንድ ነውና ትንሹን እንውሰድ፤ 15409 በራሱ ሲባዛ 237437281 ነው፤ 1 ሲደመርበት 866 × 274177 ይሆናል።